ጳጉሜን ያላወቀው ማክሮ

ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ፣ የጉና ግርጌ ዘር አባዢዎች ማህበር የሚባል ትንሽ መሥሪያ ቤት ነበር። ሦስት ክፍል፣ አንድ ጓዳ፣ አንድ ዘበኛ፣ አንድ ጸሐፊ። ጸሐፊዋ ስርጉት ትባላለች። ጣቷ ፈጣን ነው፤ ከጣቷ የሚፈጥን ነገር ቢኖር ጥያቄዋ ብቻ ነው። አንድ ነገር ስትነግሯት "ለምን?" ትላለች። መልሱን ስትነግሯት "እሱስ ለምን?" ትላለች። ኃላፊዋ አቶ ላቀው ሲመርራቸው "አንቺ ልጅ፣ የንስሐ አባት ሆነሽ ቢሆን ኖሮ ተናዛዡ ሁሉ አገር ጥሎ ይጠፋ ነበር" ይሏታል። ትስቃለች እንጂ አትቀየምም። ደግሞ ነገ ትጠይቃለች።

ግንቦት ሃያ ሦስት ቀን ሁለት ሺህ ሦስት፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አንዲት ሴት ወደ ስርጉት ክፍል ገባች። ዕድሜዋ አርባ ግድም ይሆናል። ጥቁር ለብሳለች፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው፤ ደረቷ ላይ በነጠላ የታሰረ ጥቅል አቅፋለች።

"እዚህ ቤት ስርጉት የምትባል አለች?"

"እኔ ነኝ እታለም። ግቢ፣ አረፍ በይ።"

"ዝናሽ እባላለሁ። የእቴነሽ ልጅ ነኝ፣ ከጉና።"

ስርጉት ከወንበሯ ብድግ አለች። እማማ እቴነሽ በየካቲት ማረፋቸውን ሰምታ ነበር። ለቅሶ ልድረስ ልድረስ ስትል መንገዱ ራቀባት፣ ሥራው በዛባት፣ ቀረች። አሁን ሐዘኑም እፍረቱም አንድ ላይ ያዛት። "እግዜር ያጥናሽ" አለቻት።

"አሜን" አለች ዝናሽ። ተቀመጠችና ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ውስጡ ዘጠኝ ትንንሽ ቋጠሮዎች አሉ። እያንዳንዱ ቋጠሮ እፍኝ የማትሞላ ገብስ ይዟል፤ እያንዳንዱም አንገቱ ላይ ክር ታስሮበታል። አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቢጫ፤ አንዱ ሁለት ቀይ፣ አንዱ ደግሞ ቀይና ጥቁር አንድ ላይ የተገመደ።

"እናቴ ዘሯን የምታስቀምጠው በዘጠኝ ቅል ነው" አለች ዝናሽ። "ቅሉን የምትለየው በክሩ ነው፤ ይሄ ከየቅሉ ቆንጥሬ በየክሩ ያሰርኩት ነው። የትኛው ውርጭ እንደሚችል፣ የትኛው ረግረግ እንደሚወድ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚደርስ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ማረም አውቃለሁ፣ ማጨድ አውቃለሁ፤ ዘር ግን መርጬ አላውቅም። ደህና አድራ ታመመች፣ በሦስተኛው ቀን ሄደች። አንድ ነገር ሳትነግረኝ።"

"ነፍሳቸውን ይማር።"

"ባሌ ሞላ ደግሞ ከነገ ወዲያ ሐሙስ በሬዎቹን ይጠምዳል። 'ደባልቀሽ ስጪኝና ልዝራው፣ ገብስ ያው ገብስ ነው' ይለኛል። ከተደባለቀ እኮ አለቀ! ማን ይለየዋል? የእናቴ ዘር ጠፋ ማለት ነው። ደጋውን የማይችለው ደጋ ወጥቶ ውርጭ ቢመታው ደግሞ ልጆቼ ክረምቱን ምን ይበላሉ?" ስርጉትን ትክ ብላ አየቻት። "አምና በጳጉሜ እናቴ እዚህ መጥታ አምስት ቀን ሙሉ ስትናገር አንቺ ስትጽፊ ነበር አሉኝ። እሱን ፍለጋ ነው የመጣሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ክምር ድንጋይ የምትሄደው መኪና ሳታመልጠኝ ስጪኝ።"

እውነቷን ነው። እማማ እቴነሽ አምና ጳጉሜን ሊጠመቁ ከተማ ወርደው ዘመድ ቤት አርፈው ነበር። ጠዋት ጠበላቸውን ይጠመቃሉ፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ጠጉራቸው እርጥብ እንደሆነ መሥሪያ ቤቱ ይደርሳሉ። አቶ ላቀው ለመስክ ሥራ ጉና ሲወጡ ያውቋቸው ስለነበር "እማማ፣ ይሄ የሚያውቁት ነገር ሳይጻፍ አይቅር" ብለው ለምነዋቸው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እሳቸው ይናገራሉ፣ ስርጉት ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች። ሁሉንም ነው የምትጽፈው። የራሷን ጥያቄ ሳይቀር ትጽፋለች፤ እማማ እቴነሽ አስነጥሰው "ይማርዎ በይኝ እንጂ!" ያሉትን እንኳ ጽፋዋለች። በየቀኑ አዲስ ጽሑፍ ትከፍታለች፤ ሥራ ሲያልቅ አንዲት ቁልፍ ትነካለች፤ የቀረውን ማክሮው ይሠራዋል።

ማክሮ ማለት፣ ለማያውቀው፣ ኮምፒውተሩን አንድ ጊዜ አሳይተውት እሱ ዕድሜ ልኩን የሚደግመው ትእዛዝ ነው። ይሄኛውን የሠራላቸው ደረጄ የሚባል የኮሌጅ መምህር ነው፤ ለወዳጅነት። ስርጉት ቁልፏን ስትነካ ማክሮው ጽሑፉን እዚያው ኮምፒውተሯ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ቅጂ ያወጣና የዕለቱን ቀን ስም አድርጎ፣ በሽቦ በኩል ጓዳ ውስጥ ወዳለው ሰርቨር ይልከዋል። ሰርቨሩ የመሥሪያ ቤቱን ቅጂ ሁሉ የሚያጠራቅም፣ አንድ ባለሙያ ከባሕር ዳር መጥቶ የተከለው ጥቁር ሳጥን ነው። በዚያው ቀን ስም የተቀመጠ ሌላ ቅጂ ካገኘ ማክሮው አሮጌውን አንስቶ አዲሱን ይተካል። "የዕለቱ የመጨረሻው ይበቃል" ብሎ ነበር ደረጄ፤ እውነትም ይበቃ ነበር።

ባለፈው ሚያዝያ የስርጉት ኮምፒውተር፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ። ጽሑፉ ሁሉ ያለበት ዲስኩ ባሕር ዳር ድረስ ተልኮ "ሞቷል" ተብሎ ተመለሰ። ማንም አልደነገጠም። አቶ ላቀው "ምን ቸገረን፣ ማክሮው አለልን!" ብለው አዲስ አስገዙ። የእማማ እቴነሽ ነገርም "መጽሐፍ እናደርገዋለን፣ ብቻ ትንሽ እናስተካክለው" ሲባል ሲባል ከመኸር ወደ በጋ ተንከባሎ፣ አንድ ገጽ እንኳ ሳይታተም ቀርቶ ነበር። መሥሪያ ቤት ውስጥ "እናስተካክለው" ከተባለ፣ ነገሩ ተቀበረ በሉት።

ስለዚህ ስርጉት ምንም ሳትጠራጠር "አይዞሽ፣ ሁሉም አለ" ብላ ሰርቨሩ ላይ ያለውን የቅጂ ማኅደር ከፈተች። ስሞቹ ተደርድረው መጡ። ነሐሴ ሃያ አምስት፣ ነሐሴ ሃያ ስድስት፣ ነሐሴ ሃያ ሰባት፣ ነሐሴ ሃያ ስምንት፣ ነሐሴ ሠላሳ። ከዚያ መስከረም ሦስት። ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ታች ወረደች። ጳጉሜ የሚል የለም።

"ምነው?" አለች ዝናሽ።

"ቆይ እስቲ።" ስርጉት ዓይኗ ነሐሴ ሠላሳ ላይ ቀረ። የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አሮጌ ቅጠሎች ገለጠች። አምና ነሐሴ ሠላሳ እሁድ ነው የዋለው። እሁድ ማን ሥራ ገብቶ ነው ይህን የጻፈው? ከፈተችው። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ "እንግዲህ ልጄ፣ የክሩን ነገር ማክሰኞና ሮብ ስለጨረስን ዛሬ ስለ ድንቹ ልንገርሽ።"

ይሄ የዓርቡ ነው። የጳጉሜ አምስቱ። ስርጉት ምን እንዳደረገች በአንድ ጊዜ ገባት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አምና በሚያዝያ መሥሪያ ቤቱ ለአንድ ቀበሌ ደብዳቤ ጻፈ። ኮምፒውተሩ ቀኑን በራሱ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ጨመረበት፤ ሁለት ሺህ አስር ብሎ። ማንም ሳያይ ማህተም ተመታበት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ተረበኛ ሰው ነው፤ "ደብዳቤያችሁ የሚጻፈው ከስምንት ዓመት በኋላ መሆኑን ስለተረዳን፣ ጊዜው ሲደርስ እናስፈጽማለን" ብሎ መለሰ። መልሱ ከተማውን ዞረ፤ አቶ ላቀው ሻይ ቤት መግባት አቃታቸው። በንጋታው "ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ኮምፒውተር በአገሩ አቆጣጠር ይቆጥራል!" ብለው አዘዙ። ስርጉትም ሰዓቱን ከፍታ መስከረምን አንደኛ ወር፣ ነሐሴን አስራ ሁለተኛ አድርጋ፣ ዓመቱንም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መለሰችው። ኮምፒውተሩ ምን አገባው፣ የተባለውን ተቀበለ። ሠላሳ አንደኛ ቀን ሲያመጣ በእጇ ታስተካክለዋለች። አስራ ሦስተኛ ወር ስትለው ግን ሞቼ እገኛለሁ አለ።

"ታዲያ ጳጉሜን ምን ላድርጋት?" ብላ ጠይቃቸው ነበር።

አቶ ላቀው አሰቡ። "አምስት ቀን እኮ ናት፤ ምን ትሆናለች? በየጠዋቱ ነሐሴ ሠላሳ ላይ መልሺው። መስከረም ሲጠባ ልቀቂው።"

እሷም በየጠዋቱ እየመለሰች አምስት ቀን ነሐሴ ሠላሳ ላይ አቆመችው። ማክሮውም የታዘዘውን አደረገ፤ አምስቱንም ቀን ነሐሴ ሠላሳ ብሎ ጠራ። ማክሰኞ የሰኞን አንስቶ ራሱን ተካ፣ ሮብ የማክሰኞን፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የተረፈው የዓርቡ ብቻ ሆነ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ማክሮ ደግሞ የታዘዘውን አይለቅም።

አቶ ላቀው ከክፍላቸው ወጡ። ስርጉት ነገሩን ስትነግራቸው መጀመሪያ ተቆጡ። "ጳጉሜን የማያውቃት ፈረንጁ ነው! እኔ ምን አጠፋሁ?" አሉ። ከዚያ ዝናሽ ማን እንደሆነች ሲሰሙ ቁጣው ከፊታቸው ላይ ወረደ፤ ቆባቸውን አወለቁ፣ አጠገቧ ተቀመጡ፣ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እየፈቱ ፍሬውን መዳፋቸው ላይ አገላበጡ።

"ይሄ ጥቁር ገብስ ነው፣ ለጠላ። ይሄ ሰነፍ ቆሎ የሚሉት የቆሎ ገብስ ነው፣ ማንም ያውቀዋል። የቀሩት ሰባቱ ግን..." ራሳቸውን ነቀነቁ። "ነጭ ነው፣ ሁሉም ነጭ ነው። ምርምር ጣቢያ ቢላክ ይለዩታል፤ ግን ከሦስት ወር በፊት መልስ አይመጣም።"

"ሐሙስ ነው የሚዘራው ጌታዬ" አለች ዝናሽ። ከዚያ ወደ ስርጉት ዞረች። "አንቺ በእጅሽ ጽፈሽው የለም ወይ? ከራስሽ ላይ አንድ ነገር አልቀረም?"

ስርጉት ዓይኗን ጨፈነች። የእማማ እቴነሽን ሳል ታስታውሳለች። ጣታቸውን እያጠፉ ሲቆጥሩ ታስታውሳለች። ሁለቱ ቀይ... ለረግረግ ነበር? ወይስ ረግረጉ የቢጫው ነው? ሲናገሩ ጣቷ ሰምቶ ነበር እንጂ ጆሮዋ አልሰማም፤ ጸሐፊ የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል። "በግምት ብነግርሽ ልጆችሽ ላይ መፍረድ ነው" አለች። "አላደርገውም።" ይህን ስትል እንባዋ መጣ፤ አላፈረችበትም።

ደረጄ ዘንድ ደወለች። ክፍል ሊገባ ሲል አገኘችው።

"አንዱ በአንዱ ላይ ከተተካ አይመለስም ስርጉት" አለ። "እኔ እኮ ማክሮውን ስጽፍ ቀኑ በየቀኑ ይለወጣል ብዬ ነው። አምስት ቀን አንድ ቦታ ገትራችሁ ታቆሙታላችሁ ብዬ በምን ልቤ ላስብ?"

"ጳጉሜን ረስተኻታል ማለት ነው።"

"እንዴ! እናንተ ናችሁ የረሳችኋት!" አለ፤ ከዚያ "አይ፣ ልክ ነሽ፤ እኔም ረስቻታለሁ" አለ። "አዝናለሁ፤ ተማሪዎቼ እየጠበቁኝ ነው።"

ሰዓቱ አራት ተኩል ሆኗል። ዝናሽ ቋጠሮዎቹን መልሳ ማሰር ጀመረች። ስርጉት ዘላ እጇን ያዘችባት። "አትቋጥሪያቸው። ሰዓት አለን። ጓዳ ገብቼ ልይ።"

"ምኑን ልታይ?" አሉ አቶ ላቀው።

"አላውቅም። ሳላየው ምን አውቃለሁ?"

ጓዳው ጠባብ ነው፤ የአሮጌ ወረቀትና የማዳበሪያ ናሙና ሽታ አለው። ሰርቨሩ በአንድ ጥግ ሆኖ ያንጎራጉራል። ባለሙያው "እንዳትነኩት" ብሏቸው ስለሄደ አቶ ላቀው እንኳን ሊነኩት በአጠገቡ ሲያልፉ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። የይለፍ ቃሉ ግን ሳጥኑ ጎን ላይ በፕላስተር ተለጥፏል፤ እንግዲህ እኛ ምስጢር የምንጠብቀው እንዲህ ነው። ስርጉት ስክሪኑን አበራች፣ ቃሉን አስገባች።

መጀመሪያ ያየችው ከታች በስተቀኝ ያለውን ቀን ነው። በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ግንቦት ሃያ ሦስትን የፈረንጅ ሜይ ሠላሳ አንድ፣ ሁለት ሺህ አስራ አንድ ይለዋል።

"ይሄንንስ ለምን ወደኛ አቆጣጠር አልመለሱትም ጋሼ?" ብላ ጮኸች።

"እንዳትነኩት ተብለን!" አሉ አቶ ላቀው ከውጭ።

ስርጉት አገጯን ይዛ ቆመች። የሷ ኮምፒውተር እነዚያን አምስት ቀናት አልተንቀሳቀሰም፤ በየጠዋቱ አንገቱን እየያዘች ስትመልሰው ነበር። ይሄኛውን ግን ማንም አልያዘውም። ዝም ብሎ በራሱ ጊዜ ሲቆጥር ነበር። ሲቆጥር ታዲያ ምን ይሠራ ነበር? እዚህ ሳጥን ላይ ደግሞ ለምን ሁለት ዲስክ ይታያል? ማክሮው የሚልከው ወደ አንደኛው ነው፤ ሁለተኛውን ባለሙያው ለምን ተከለው? ያለ ሥራማ አይተከልም!

ከፈተችው። በመቶ የሚቆጠሩ ማኅደሮች ከላይ እስከ ታች ተሰልፈው ነበር። ስማቸው ቁጥር ብቻ ነው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ በፈረንጅ። ለእያንዳንዱ ዕለት አንድ።

መስከረም አንድ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር አስራ አንድ ነው፤ ይህን በትምህርት ቤት ተምራዋለች። ወደ ኋላ በጣቷ ቆጠረች፤ አስር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት። የጳጉሜ ማክሰኞ ማለት ሰባት ናት። ሴፕቴምበር ሰባትን ከፈተች። ውስጡ ነሐሴ ሠላሳ የሚል ጽሑፍ አለ። እሱን ከፈተችው።

"እንዴት አደርሽ ልጄ። ጠበሉ ዛሬ እንዴት ይቀዘቅዛል! ምን ነበር ትናንት የጠየቅሽኝ? ክሩን? እሺ፣ ዛሬ ክሩን እንጀምራለን።"

ስርጉት የጮኸችው ጩኸት ዘበኛውን ከበሩ አስነሳው። ዝናሽና አቶ ላቀው ተጋፍተው ጓዳው ውስጥ ገቡ።

"ባለሙያው ለሰርቨሩም ማክሮ ሠርቶለት ነበር!" አለች ስርጉት እየሳቀችም እያለቀሰችም። "እኩለ ሌሊት ሲሆን የዕለቱን ቅጂ በራሱ ቀን ወደዚህኛው ዲስክ ይገለብጣል። ለኛ ግን አልነገረንም!"

"ጉድ በል ጎንደር!" አሉ አቶ ላቀው። ቆባቸውን ደረታቸው ላይ ጫኑት። "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። እኔ ያባረርኩት የፈረንጅ ቀን ጳጉሜዬን አስቀመጠልኝ እኮ!"

ስርጉት የማክሰኞንና የሮብን ጽሑፍ ወደ ጠረጴዛዋ አመጣች። ዝናሽ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለዚህ ስርጉት ታነብላታለች፣ እሷ ቋጠሮዎቹን በተራ ታስቀምጣለች። አቶ ላቀው በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ሊለጥፉ ፈልገው ነበር፤ ዝናሽ "ተዉት ጌታዬ፣ ክሩ ይበቃል" አለቻቸው።

"'አንድ ቀይ አውራ ገብስ ነው'" ብላ አነበበች ስርጉት። "'ቶሎ ይደርሳል፤ ጎታ ባዶ ሲሆን የሚያወጣሽ እሱ ነው። ከቤት ጀርባ፣ ፍግ ያለበት ዝሪው። ሩቅ አትውሰጂው፤ ወፍ ይጨርሰዋል።'"

ዝናሽ ቀዩን ቋጠሮ አንስታ አሸተተችው፣ ከፊቷ አስቀመጠችው።

"'ሁለት ቀይ ሰምሬታ ነው። ለእንጀራ ነው። ረግረግ አይወድም፤ ወንዝ ዳር የዘራሽው እንደሆን ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ቢጫ ክር ማውጌ ነው። እሱ ነው ረግረጉን የሚችለው። ደግሞ የኔ ልጅ፣ ቢጫውንና ነጩን ክር ማታ በኩራዝ አትለያቸውም፤ እኔ ራሴ አንድ ዓመት ተሳስቻለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም።'"

ዝናሽ ሳቀች። "የዚያን ዓመት ሙሉውን የወንዝ ዳሩን አጥተናል! 'የጎረቤት ዓይን ነው' ብላን ነበር እኮ!" አቶ ላቀውም ሳቁ፤ ለትንሽ ጊዜ እማማ እቴነሽ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጡ መሰለ።

እንዲህ እያሉ ስምንቱን ጨረሱ። የቀረው ቀይና ጥቁር የተገመደው ነው። ስርጉት የሮቡን ጽሑፍ መጨረሻ አወጣች።

"'የተገመደው ስም የለውም። አማቴ ናት የሰጠችኝ፤ እሷም ስሙን አታውቀውም። ፍሬው ያን ያህል አይደለም። ግን ውርጭ ሁሉን በመታ ዓመት እሱ ቆሞ አይቼዋለሁ። በየዓመቱ ከላይኛው ማሳ ጥግ አንድ እፍኝ እዘራለሁ፤ ለዘሩ ብቻ። አይበላም። እሱ የተበላ ቀን ጉና ላይ ሰው አይኖርም።'"

ዝናሽ የተገመደውን ቋጠሮ በሁለት እጇ ያዘች። "እኔ ደግሞ ልጋግረው ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ትንሽ ናት ብዬ።"

ስርጉት ቀጣዩን መስመር ልታነብ አፏን ከፈተች፤ ዘጋችውም። እዚያ ላይ የራሷ ጥያቄ ተጽፏል። "እማማ፣ ይህን ሁሉ ለልጅዎ ለምን አልነገሯትም?" ይላል። ከሥሩ መልሱ አለ።

"አለቀ?" አለች ዝናሽ።

"ክሩ አልቋል" አለች ስርጉት። ውሸት አልነበረም፤ ግን ፊቷ ቀላ። አቶ ላቀው ከኋላዋ ቆመው መስመሩን አነበቡትና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ዝናሽ ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። "ሌላ አለ። የእናቴ ነው፤ አንብቢው።"

ስርጉት አነበበች። "'ልጄ ጠይቃኝ አታውቅም። አርባ ዓመት አብራኝ ስትኖር አንድ ቀን እንኳ፣ እናቴ ይህ ክር ምንድን ነው፣ አላለችኝም። ላልጠየቀ ሰው ምን ይነገራል? አልፈለገችውም ማለት ነው። ከኔ ጋር ያልቃል ብዬ ተውኩት።'"

ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ። ዝናሽ ቋጠሮውን ደረቷ ላይ እንደያዘች አለቀሰች። የለቅሶ ቤት ለቅሶ አይደለም፤ ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

"ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ መለስኩት" አለች ሲቀልላት። "ቅሉን ስታወርድ እያየሁ። ዘሩን ብጠይቃት ሞቷን የምጠብቅ እንዳይመስላት ፈርቼ ነው እኮ! 'ሳልሞት ልትወርሰኝ' እንዳትለኝ። አልፈለገችም አለች? እኔ እኮ... እኔ እኮ እድሜ እንዲጨመርላት ብዬ ነው ዝም ያልኩ።"

ስርጉት ተነስታ አቀፈቻት። ዝናሽ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

"በማግስቱስ? ሐሙስ ምን አለች? ምናልባት ሌላ ነገር ብላ ይሆናል።"

ስርጉት ወደ ጓዳው ሮጠች። ስድስት አለ፣ ሰባት አለ፣ ስምንት አለ። ከስምንት ቀጥሎ አስር ነው። ዘጠኝ የለም። ያን ሐሙስ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ኖሮ ሰርቨሩም ተኝቶ አድሯል። እዚያው ቆማ ራሷን አስጨነቀች፤ ሐሙስን፣ የእማማ እቴነሽን አፍ፣ አንዲት ቃል። አልመጣላትም። ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

"የለም እታለም። እኔም አላስታውሰውም። ይቅር በይኝ።"

ዝናሽ ራሷን ነቀነቀችና ስምንቱን ቋጠሮዎች በተራቸው ነጠላዋ ውስጥ አስገባች፤ የተገመደውን ለብቻው ከጉያዋ ውስጥ ከተተችው። አቶ ላቀው ያተሙትን ወረቀት አጣጥፈው ሰጧት። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ መናኸሪያው ደግሞ ሩቅ ነው።

ስርጉት እስከ በሩ ሸኘቻት።

"ልጅ አለችኝ፣ ውዴ ትባላለች፤ አስራ ሁለት ዓመቷ ነው" አለች ዝናሽ ጫማዋን እያስተካከለች። "ሐሙስ ከጥማዱ ኋላ አስከትላታለሁ። ክሩን አንድ በአንድ እያሳየሁ እነግራታለሁ።"

"ትጠይቅሻለች?"

"አትጠይቀኝም፤ እንደኔው ናት" አለች ዝናሽ። "ሳትጠይቀኝ እነግራታለሁ።"